ለካርቱን የተቀመጥኩት ለቅሶ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ፣ ሰው ሳይሞትብኝ ለቅሶ ተቀመጥኩላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም... እኔ እንደሆነ እስካሁን ጎረቤቶቼን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ላውራችሁ። ልጄ ማህሌት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጣ አኒሜ የሚሉትን የጃፓን ካርቱን በፍላሽ ሞልታ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ነይ እስኪ አንዱን እይ» አለችኝ። አየሁ። ኧረግ! እኔ እንዲህ የምወድ መስሎኝ ነው? ኳስ የሚጫወቱበትን ወደድኩት። ምግብ እያበሰሉ የሚወዳደሩበትንማ ሽሮዬን አሳርሬ ነው ያየሁት። የሰይፉንም ቢሆን ደም ደሙን ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ። ብረት ለብሰው ሰማይ ላይ የሚታኮሱት ግን እንቅልፌን ያመጡታል፤ አጋንንት ያለበትን ደግሞ አማትቤ አስዘጋዋለሁ።

ከሁሉ ከሁሉ የምጠላው ግን ያንን የሚያስለቅሰውን ዓይነት ነው። ሙዚቃው ገና ሲጀምር ያላዝናል፤ አንዲት የምታሳሳ ልጅ ትታመማለች፤ ከዚያ ቀስ እያለ ልብሽን ይበላሻል። እናቱ የታመመችበት ሰው ይኼ ምን ያደርግለታል?

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ራቅ ብሎ፣ ገበዝ ማርያም ነው። ክረምቱን ያሳለፈችው አልጋ ላይ ነው። ይኼንን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ባገኙኝ ቁጥር «እናትሽ እንዴት ሰነበቱ?» ይሉኛል።

ታዲያ ያን ቀን ማህሌት አንዱን የሚያስለቅስ ጀምራ ሰባተኛው ክፍል ላይ አቆመችው። «ስምንተኛውን ብቻሽን እንዳታዪው፤ አንቺ አትችይውም» ብላኝ ሳሙና ልትገዛ ወጣች።

እንዲህ ተብሎ ደግሞ ማን ይቀመጣል! ከፈትኩት።

ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ ግማሹን እያነበብኩ፣ ግማሹን እየገመትኩ ተከተልኩ። ልጅቱ አልጋዋ ላይ ሆና እናቷ ከሥራ እስክትመለስ በር በሩን ታያለች። እናትየው ደረጃውን እየሮጠች ትወጣለች... ልክ በሩን ስትከፍተው የልጅቱ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ።

እኔ የጎጃም ሴት ነኝ፤ እንባዬን በመሐረብ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ዝም ማለት አላውቅበትም። ደረቴን እየደቃሁ «ወይኔ! ወይኔ! ምነው ትንሽ ብትጠብቂ!» ብዬ አቀለጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ብርግድ አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ከእናቴ በዕድሜ ጥቂት የሚያንሱ ሴት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ተከትለዋቸዋል።

«አይ እመቤቲቱ! አይ የደግ ሰው መጨረሻ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«አትናገሪ! አልቅሺ፤ ይውጣልሽ!»

አንዷ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። እናቴ ለመንገደኛ ስለምትቀዳው ጠላ፣ የሰው ልጅ ስለማሳደጓ... ሌሎቹ ተቀበሏት። እንግዲህ አልቃሽ ይቋረጣል? በሰው እንባ ላይ «ኧረ ለካርቱን ነው» ይባላል? ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አብሬያቸው አለቀስኩ! እናቴ በሕይወት እያለች!

ማህሌት ሳሙናዋን ይዛ በር ላይ የደረሰችው ይኼኔ ነው። «አያቴ!» ብላ ሳሙናውን ለቀቀችው። ወዲያው ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ።

«እማዬ... ስምንተኛውን ከፈትሽው እንዴ?»

ሙሾው ቀጥ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ፀጉሯ ሰማያዊ፣ ዓይኗ የሻይ ስኒ የሚያህል የካርቱን ልጅ አበባ መሃል ተኝታለች።

መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አንዷ ልትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «አንቺ ልጅ... ሙሉን እኮ እንዲያረዷት ቡሬ ደውያለሁ!»

ሙሉ ታናሽ እህቴ ናት፤ ደም ግፊት አለባት። እትዬ ወግ አዋቂ ናቸው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ ዋይታዬን እንደሰሙ የደወሉት ለሙሉ ሳይሆን እዚያው ሰፈሯ ለምትኖረው ለራሳቸው እህት ነው፤ ጎረቤት ሰብስባ፣ ሄዳ፣ ቀስ አድርጋ እንድታረዳት። አሁን መልሰው ቢደውሉላት አታነሳም።

እኔ ወደ ሙሉ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደገምኩት።

«ወዬ እታለም» አለች። «ቆይ እስኪ፣ ሰዎች ወደ ደጄ እየመጡ ነው... እንዴ! ነጠላቸውን ለምን...»

«ሙሉዬ! እማ ደህና ናት! ማንም ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚ፣ እማ ደህና ናት!»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«አንዲት... ጃፓን ያለች ልጅ።»

«ጃፓን ማን አለን?!»

እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «እህትሽ ካርቱን ሞቶባት ነው የኔ ልጅ። እንግዶችሽን አስቀምጪና የሚቀመስ ነገር ስጫቸው፤ ለደግ ብለው ነው የመጡት» አሏት። ከዚያ ነጠላቸውን አቃንተው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወሬ እግር አለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ራሷ ደወለች።

«ሞቻለሁ አሉ» አለች፤ ድምጿ ደከም ብሏል።

«ይቅር በይኝ እማ...»

«አለቀስሽልኝ?»

«በጣም ነው እንጂ እማ!»

«ለእኔ ነው ለጃፓኗ?»

እፍረቱ አጥንቴ ድረስ የገባው እዚህ ላይ ነው። እሷም እንደዚያች የካርቱን ልጅ በር በሩን ስታይ ነው የከረመችው፤ እኔ መንገዱ ጭቃ ነው እያልኩ ሶፋ ላይ ነበርኩ። እሷ ግን ሳል እየቆራረጠው ሳቀች።

«በይ እንባሽን እዚያ ጨርሰሽዋል፤ ለቅሶዬ ላይ ምን ይዘሽ ልትመጪ ነው? ይልቅ ሳልሞት ስኳር ይዘሽ ነይ።»

እሑድ ከማህሌት ጋር ገበዝ ማርያም ነን። ስኳሩ ተገዝቷል፤ ማህሌትም ለአያቷ አኒሜ በስልኳ ጭናለች... የኳሱን ብቻ!