ዳማከሴ ፍለጋ ወደ ሁሩታ

ከአዳማ የተነሳሁት ቅጠል ፍለጋ ነው። በዳማከሴ ቅጠል በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶችን መሥራት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል፤ ቁስል እንዲያመረቅዝ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎችን ይገድሉ እንደሆነ ለማየት ነው። ከገበያ የምገዛው ቅጠል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ቅንጣቶቹ የሚሠሩበት የብር ጨው ደግሞ የተረፈኝ ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። ትኩስ ዳማከሴ ሰናይት ጓሮ ሞልቷል።

ሰናይት የማስተርስ ክፍል ጓደኛዬ ናት። ሥራውን አብረን ነበር የጀመርነው። እናቷ ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ትምህርቷን አቋርጣ ሁሩታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪው ሰፍቶኛል።

እስከ ደራ

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዋሽን ተሻግሮም ሙቀቱ አልለቀቀንም፤ ግራርና አቧራ ብቻ። ደራ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ግማሹን አጠገቤ ለተቀመጡት አዛውንት ሰጠኋቸው።

“ገለቶሚ ልጄ” ብለው አመሰገኑኝ። “ሁሩታ ዘመድ አለሽ?”

“ጓደኛ አለችኝ፣ አባባ።”

“እሷም ዘመድ ናት” አሉና በቆሏቸውን መፈልፈል ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። አየሩ ቀዘቀዘ፤ የስንዴው ማሳ ቢጫ ሆኗል።

ሁሩታ

ሰናይት ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። እናቷን “እንደምን ዋሉ እማማ?” ስላቸው በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉልኝ።

ጓሮ ገብተን ቅጠል መቀንጠስ ያዝን።

“አሁንም ቀለሙ እስኪለወጥ ብርጭቆው ላይ አፍጥጠሽ ትውያለሽ?” አለችኝ።

“ብቻዬን ሲሆን ቀኑ አልመሽ ይላል።”

መዳፏን አሸተተች። “ለእማዬ ጉንፋን በቀነጠስኩት ቁጥር ላብራቶሪው ነው የሚመጣብኝ።”

“ነያ፣ ለአንድ ቀን እንኳን!”

ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። “እሷንስ ማን ያገላብጣታል?”

ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።

አዳማ

በማግስቱ ቅጠሉን አጥቤ አፈላሁት፤ አጥልዬም አቀዘቀዝኩት። ለሰናይት በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን ከብርጭቆው ፊት አቆምኩና፣ ሟሙቶ ውሃ በመሰለው የብር ጨው ላይ የቅጠሉን ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩ። እሷ እናቷን ገንፎ እያጎረሰች ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ ግን ቢጫ መሰለ፤ ቀስ እያለም ቡናማ ሆነ። ቅንጣቶቹ መፈጠራቸው የሚታወቀው በዚህ ቀለም ነው።

“ሆነልን!” ብዬ ጮህኩ።

ሰናይት ማንኪያውን እንደያዘች ታለቅሳለች። “እንዳትዘጊው” አለች፣ “ትንሽ ልየው።”

ያ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ሥራው ቢሳካም ያለ እሷ ደስታዬ ሙሉ እንደማይሆን ነው። ጠግባ እስክታየው ድረስ ስልኩን ከቦታው አላነሳሁም።