ክብሪቱን አጥፊው፣ እማዬ

ከቡራዩ የወጣሁበትን ምሽት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የክብሪት ሽታ ነው። ግቢያችን በሸኚ ተሞልቷል፣ ቦሌ የሚያደርሰን ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል፣ እናቴ በርበሬው እንዳይፈስ ሻንጣዬን ደጋግማ ከፍታ ታያለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ እንደ አባት የሚያዩን ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ ሊመርቁኝ ተነሡ። እጄን ይዘው «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ተመለሺ ልጄ» ከማለታቸው ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። በቃ፣ ሳልሄድ ሞትኩ አልኩ።

ሸኚው ሁሉ ተረባርቦ ከበበኝ። አንዱ እግሬን ያዘ፣ አንዷ ጸበል ረጨችኝ፣ እናቴ ደግሞ ክብሪት ጭራ ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ሰው በወደቀ ቁጥር የምናደርገው ይኸው አይደል? አየር ላጣ ሰው ጭስ! «የሰው ዓይን ነው!» እያለች ታለቅሳለች። ታናሽ እህቴ ጫልቱ በሰው መሀል ማለፊያ አጥታ ከሩቅ ታየኛለች። በኋላ በራሱ ጊዜ ተወኝ፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ሆነ።

የመጣሁት ጀርመን ነው፣ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ሙያውን ልማር። አውስቢልዱንግ ይሉታል። የዚህ አገር ክረምት እንደኛ ሐምሌ ዘንቦ አይወጣለትም፤ ሰማዩ አኩርፎ ይውላል፣ አኩርፎ ያድራል። ዳቦው ለጥርስ ያሰጋል፣ የእናቴን በርበሬ ካልነሰነስኩበት አይወርድልኝም። ሰዉ ክፉ አይደለም፣ ግን ሰላምታው አጭር ነው። እኛ የከብቱን ደህንነት ጠይቀን በምንጨርስበት ጊዜ እነሱ ጉዳያቸውን ፈጽመው ቤታቸው ገብተዋል።

ያ ነገር ትራም ውስጥ ተመልሶ ያዘኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የከበበኝ የለም፣ እግሬን የያዘ የለም፣ እንዲያውም ሰዉ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ጎንበስ አለ።

«ቲኬት?»

«መሞቴ ነው» አልኩት በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

«ይገባኛል። ቲኬቱስ?»

አሳየሁት። ቲኬቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ነው አምቡላንስ የጠራልኝ።

ሐኪሟ ልቤን በማሽን መረመረች፣ ደሜን ወሰደች፣ ቆይታም ተመለሰች። «ልብሽ ጤነኛ ነው። የያዘሽ ፓኒክ ነው፣ ድንገት የሚነሣ ፍርሃት። እንደ ሞት ያስፈራል፣ ግን አይገድልም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።» ትንፋሼን ስስብ ሳይሆን ሳወጣ እንዳረዝም፣ በደንብ የማውቀውን ነገር አንድ በአንድ እንድጠራ አሳየችኝ። የሚያነጋግረኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ጸደይ ሳይገባ አይገኝም አለች።

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ትተነፍሻለሽ።»

በደንብ የማውቀው ምን አለ? ጧት ጧት ከቡራዩ በታክሲ የምሄድበትን መንገድ አውቃለሁ። ሲይዘኝ እንደ ወያላ መጣራት ጀመርኩ፤ ዊንጌት፣ ፓስተር፣ መርካቶ! ሠራልኝ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ሠራልኝ። ችግሩ ግድግዳው ስስ ነው። አከራዬ ፍራው ክላይን በሬን አንኳኳች።

«የምትጮኺው ጸሎት ነው?»

«አይ፣ ታክሲ እየጠራሁ ነው።»

«እዚህ አገር ታክሲ በስልክ ነው የሚጠራው። ደግሞም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሩኸትሳይት ነው። ጸጥታ!»

ከዚያ ወዲህ ሲይዘኝ በሹክሹክታ ነው የምጠራው። ደክሞኛል፣ አልዋሻችሁም። ሌላውን ሰው ስደግፍ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ የምደገፈው ግድግዳ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ እናቴ ደወለች። ጫልቱን እኔን የያዘኝ ነገር ከያዛት ሰነባብቷል። ጤና ጣቢያ ተመርምራ ምንም የለባትም ተብሏል፤ እሷ ግን ፈርታ ትምህርቷን ትታ ቤት ተቀምጣለች።

«ልጄ ድረሺልኝ፣ ጫልቱን ያዛት!»

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። ክብሪት ሲጫርም ሰማሁ።

«እማዬ፣ ክብሪቱን አጥፊው። ሰዎቹን አስወጪ።»

«ልጄ እየሞተችብኝ ዝም ብዬ ልያት?»

«ዝም አትበይ። አጠገቧ ተቀመጪ። እጅሽን ልያዝሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት እንጂ አትጫኛት። ጸበሉንም ስታርፍ ትጠጣዋለች።»

«ምን ይሉኛል ሰዎቹ? ለርዳታ የመጣ ሰው ይባረራል?»

እውነቷን ነው፣ እኛ ጋ ይህ ነውር ነው። ከዚያ የኦቦ ፈይሳ ድምፅ መጣ፤ «ውጡ ተብሏል እኮ! እኔም እወጣለሁ፣ ውጡ!»

ጫጫታው ራቀ። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጫልቱ ጆሮ አጠገብ ያዘችው። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ጫልቱዬ፣ ከቡራዩ ተነሥተናል። መስኮቱ አጠገብ ነሽ። ቀጥሎ የት ነው?»

«እ... አልችልም።»

«እኔም አልችልም እል ነበር። አውጪው፣ ቀስ ብለሽ አውጪው። ቀጥሎ?»

«ዊን... ዊንጌት።»

«ቀጥሎስ?»

ፓስተር ስንደርስ አለቀሰች። መርካቶን ስትጠራ ድምፅዋ የራሷ ሆኖ ነበር። እናቴ ከጎኗ ሆና «ተመስገን» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ክብሪት።

«እታለም» አለችኝ ጫልቱ፣ «አንቺን ሲይዝሽ አጠገብሽ ማን ይቀመጣል?»

ማንም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እናቴ ደግሞ እየሰማች ነው።

«ወራጅ አለ!» አልኳት።

ሳቀችና ተሰናብታኝ ዘጋችው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።