መርዶ በስልክ አይነገርም

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሁለት ስልክ ይዤ ነው የምዞረው። አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው የሱ። የሱ እሁድ ጠዋት ይጮሃል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጥ ያቅተኛል። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ካለው አፓርታማዬ እወጣና ያለ ጉዳይ እነዳለሁ። አንዱ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ሳልወርድ እመለሳለሁ።

እሁድ እሁድ መልእክት የምትልከው ልጁ ናት። ኩባ ነው ያለችው። አባቷ መሞቱን አታውቅም ነበር። ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከወንድሜ ጋር በእናት ነው የምንገናኘው፣ ሃያ ዓመት ገደማ ይበልጠኛል። አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ሲሞት፣ በደርግ ጊዜ ማለት ነው፣ እሱን ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ላኩት። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። እዚያ አደገ፣ እዚያ ተማረ፣ እዚያ ልጅ ወለደ። ልጅቷ መራመድ ሳትጀምር ተማሪዎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ እሱም ተሰደደ። የደረሰው ደግሞ እዚህ፣ ከኩባ ጋር የተኳረፈ አገር።

«ዓለምን ሁሉ ዞሬ ልጄ ጎረቤት መጣሁ» ይል ነበር እየሳቀ። «አጥሩን ግን አላየሁትም።»

እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ አጥሩ ሊፈርስ ነው እየተባለ ነበር። ኤምባሲ ተከፈተ፣ አውሮፕላን መብረር ጀመረ። ወንድሜ ቀይ ሻንጣ ገዛ። ግን አልሄደም። የዜግነት ማመልከቻው ላይ «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ» የሚል ጥያቄ አለ። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት የኮሚኒስት ልጆች የሚያስሩትን ቀይ ስካርፍ አስረውለት ነበር፣ እሱ ትዝ አለው። መጀመሪያ ወረቀቴን ልያዝ አለ። ወረቀቱን ሲይዝ ፕሬዚዳንቱ ተቀየረ፣ የተከፈተው ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ላላ ሲባል ኩላሊቱ ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ የሚተኛ ሰው የት ይሄዳል?

በመጨረሻው ዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ኩባ ከሽብር ደጋፊ አገሮች ጥቁር መዝገብ ወጣች የሚል ዜና መጣ። ሳምንት ሳይሞላ መልሰው አስገቧት። ወንድሜ ማሽኑ ላይ ሆኖ ሳቀ።

«እግዜር ዓለምን ለመፍጠር ስድስት ቀን ፈጀበት» አለኝ። «እነዚህ በስድስት ቀን ሠርተው አፈረሱት።»

ከዚያ ሁለት ወር አልቆየም።

ልቅሶው ላይ የልጅቷን ነገር አነሳሁ። የተቀመጡት ሁሉ ባንድ አፍ «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሄደህ ንገራት» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ምክንያት አለኝ። እናታችን አዲስ አበባ የሞተች ጊዜ ወንድሜ ሁለት ቀን ደብቆኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው፣ ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ስወድቅ የያዘኝ ሰው ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሷም ስትወድቅ የሚይዛት ሰው እንዲኖር ፈለግሁ።

ግን እንዴት ልሂድ? እኔም የዜግነት ቃለ መጠይቄን እየጠበቅሁ ነው፣ ኩባ ምን ትሠራ ነበር ቢሉኝስ? ዳውንታውን አንድ ሆቴል ሴኪዩሪቲ ነኝ፣ ከሺፍት በፊት በየቀኑ ዜና ቼክ አደርጋለሁ። አንድ ቀን የኩባ ሕግ ጠበቀ ይላል፣ ሌላ ቀን እየተነጋገሩ ነው ይላል። ትንሽ ሲረጋጋ እሄዳለሁ እያልኩ አርባው ወጣ። ሰማንያውም ወጣ።

እሷ መላኳን አላቆመችም። መጀመሪያ በሱ ስልክ የልብ ምልክት ብቻ ላክሁ። ቀጥሎ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ፣ ስልኩ ራሱ የኔን ወደ ስፓኒሽ፣ የሷን ወደ አማርኛ ይተረጉማል። «ድምፅህ ናፈቀኝ» ስትል «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ። አንድ እሁድ «አባዬ፣ ዘንድሮ ትመጣለህ?» ብላ ጻፈች። ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ቀን ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ቦልደር ሲቲ ነዳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እዚያ አንድ አግዳሚ ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቀመጥ ተመለስኩ። ቤት ሳልገባ የወንድሜ ጓደኛ ዘንድ ሄድኩ። በአንድ መርከብ ኩባ የሄዱ ናቸው፣ ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ጋሼ ነው የምለው። ያደረግሁትን ነገርኩት።

«ሟች ሥራ ገብቷል ብለህ ጻፍክላት?»

«አዎ ጋሼ።»

«በእሁድ? ኦቨርታይም ነው የሚሠራው?»

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ጋሼ ግን አልሳቀም።

«እኔ'ኮ መርዶ በስልክ አይነገርም ስላላችሁኝ ነው።»

«ብለናል። በስልክ ዋሻት ግን ማን አለህ? እሁድ ጠዋት እመጣለሁ፣ ልብስህን ለብሰህ ጠብቀኝ።»

እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባለቤቱ ጋር መጣ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እሱ ጥቁር ኮት ለብሷል። ልክ ሰው ቤት ለመርዶ እንደሚገባ። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በኩባያ አስደግፌ አቆምኩት። ኩባ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በቪዲዮ ደወልን።

ፊቷ መጣ። መብራት የለም መሰለኝ፣ መስኮት ሥር ነው የቆመችው። አፍንጫዋ የወንድሜ ነው። ጋሼ በስፓኒሽ ብቻዋን እንደሆነች ጠየቃት። ጎረቤቷን ጠራች፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከዚያ ጋሼ ተናገረ። «ፓፓ» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ። ምስሉ ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ተቆረጠ።

ትስማ አትስማ አናውቅም። ጋሼ ደጋግሞ ሞከረ፣ አልገባም። ማንም ከሶፋው አልተነሳም። የጋሼ ባለቤት እጇን ጉልበቴ ላይ ጫነች።

መልሳ ደወለች። አልቅሳለች፣ ሴትዮዋ ትከሻዋን ይዛታለች። መጀመሪያ የጠየቀችውን ጋሼ እያየኝ ተረጎመልኝ።

«ማን ነው ሲጽፍልኝ የነበረው? ትላለች።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሳይተረጎምላት ገባት።

እዚያው ስልኳ ላይ መልእክቶቹን ከፍታ አንድ በአንድ ታነብ ጀመረች። ጋሼም አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። «የጉሮሮው?» እኔ። «የሥራው?» እኔ። «ልቡ?» እኔ። «የቀይ ሻንጣው ፎቶ?» እሱ ነው፣ እሱ ራሱ ነው የላከው፣ አልኩ ቶሎ ብዬ። እዚያ ላይ ቆየች። ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«እመጣለሁ የሚለውስ?»

«እኔ።»

 ይቅርታ ልል ስል ቀደመችኝ። አንድ ነገር አጠር አድርጋ ተናገረችና ዘጋችው። ጋሼ ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እመጣለሁ ያልከው አንተ ከሆንክ አንተ ና፣ ነው የምትለው።»

ትኬቱን በማግስቱ ቆረጥኩ። የአየር መንገዱ ድረ ገጽ የምትሄድበትን ምክንያት ምረጥ ይላል፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ጋዜጠኛ አለ፣ ስፖርት አለ፣ ምርምር አለ። ልቅሶ የሚል የለም። «ቤተሰብ መጠየቅ» የሚለውን ተጫንኩ። በአባቷ ስም አልተመዘገበችም፣ አጎቷ መሆኔን የሚያሳይ ወረቀት የለኝም። ከጠየቁኝ አፍንጫዋን አሳያቸዋለሁ። የዜግነቱ ቃለ መጠይቅ ስመለስ ይደርሳል። የት ነበርክ ካሉኝም እነግራቸዋለሁ።

ትናንት ጋሼ ደወለ።

«ደግሞ ሊያጠብቁት ነው አሉ። ዜናውን አየኸው?»

«አላየሁትም ጋሼ።»

እውነቴን ነው። ቀዩን ሻንጣ እያስተካከልኩ ነበር። የወንድሜን ስልክ ቻርጅ አድርጌ ከአንድ ሸሚዙ ጋር ከተትኩት። እሷ ትያዘው።