በወይፈኖቹ መስክ ያረፈችው ግዌንዳ

የግዌንዳ ፕሮሰር አባት አውሮፕላን የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ከኮረብታው ማዶ ካለው የአየር ኃይል ሜዳ የሚነሱት ትንንሽ ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች በበጎች መውለጃ ወራት ዝቅ ብለው ሲያልፉ፣ እርጉዞቹ በጎች ይደነብራሉ። ሰውዬው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ እያወናጨፉ እርግማኑን ያዥጎደጉዱታል። ልጃቸው ግን በዚያው ሰዓት አጥሩ ላይ ወጥታ በሁለት እጇ ታውለበልባለች። አንድ ቀን አንዱ አብራሪ ክንፉን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጎ ሰላምታ መለሰላት። “ያን ቀን ልቤ አብሮት በረረ” ትላለች ግዌንዳ።

ከዚያ ኑሮ በራሱ መንገድ ወሰዳት። አገባች፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ ባሏ ጥሏት ሄደ፤ የሄንባች መንደር ትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር ሆነች። መብረር የተማረችው ከአርባ ዓመቷ በኋላ ከመንደራችን በላይ ባለችው የሣር ማኮብኮቢያ ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያው ሜዳው ጥግ ነው፤ እሱ ሣሩን ያጭዳል፣ እኔ የክበቡን ሻይ ቤት እይዛለሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ከባለታሪኮቹ አፍ ሰምቼዋለሁ።

አባቷ ሲሞቱ በድርሻዋ የደረሳትን የግጦሽ መስክ ሸጠች፤ በእሱም አውሮፕላን ገዛች። አውሮፕላን ከተባለ ነው እንግዲህ! በልጅነቷ ስታውለበልብላቸው ከነበሩት ማሰልጠኛዎች አንዷ ናት፤ ቺፕመንክ ይሏታል፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥባታል። ከአየር ኃይል ጡረታ ከወጣች በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖራ፣ በመጨረሻ አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ክንፎቿ ተነቅለው ወድቃ ቀረች። ልናያት የሄድን ቀን የኋላው መቀመጫ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር።

የክበባችን ቀልደኛ ዴዝመንድ ሆክሊ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛዬ ላይ በሳቅ ተደፋ። “የበግ መስክ ሸጣ የዶሮ ቤት ገዛች!”

ግዌንዳም አብራው ሳቀች። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውቶብሷን እየነዳች፣ ቅዳሜና እሑድ ዝገት እየፋቀች ዓመታት አለፉ። ሥራውን ይመረምርላት የነበረው ፈቃድ ያለው መካኒክ ክላይቭ ጊቲንስ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድ ቀን የመሪውን ገመድ አስራ ስትጨርስ አየና “ድገሚው” አላት።

“ምን አጥፍቼ?”

“ምንም አላጠፋሽም። ግን እርግጠኛ አይደለሽም፤ ፊትሽ ላይ አየዋለሁ።”

ፈትታ ደገመችው። “ያን ቀን ነው የተማርኩት” ትላለች። “ብሎን ማሰር አይደለም ቁም ነገሩ፤ ካሰርሽው በኋላ ተኝተሽ ማደር መቻልሽ ነው።”

ሞተሯ መጀመሪያ የተነሣችበትን ቀን መንደሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። የድሮዎቹ ቺፕመንኮች የሚነሡት በጥይት ነው፤ እርሳስ የሌለው፣ ባሩድ ብቻ ያለው ቀለሃ ይተኮስና ግፊቱ ሞተሩን ያዞረዋል። ድው! ሲል ከዛፎቹ ላይ ያለ ቁራ ሁሉ ተነሣ፤ ጭሱ ሜዳውን ሞላው፤ ከጭሱ ውስጥ ውልብልቢቱ ሲሽከረከር ግዌንዳ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ይሁን እንጂ በማግስቱ ዘላ አልወጣችም። ይህችን ዓይነት አውሮፕላን ጠንቅቆ የሚያውቅ አሰልጣኝ ፈልጋ፣ እሱ “አሁን ብቻሽን ሂጂ” እስኪላት ድረስ ከኋላ አስቀምጣው በረረች።

የግዌንዳ አበራረር የክበቡ መሳቂያ ነበር። ከመነሣቷ በፊት አውሮፕላኗን ትዞራታለች፤ እያንዳንዱን ማጠፊያ በጣቷ ትነካለች። አንድ ሰው ወሬ ካወራት ካቋረጠችበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ደመና ዝቅ ካለ ትመለሳለች። ነፋሱ ከጎን ከበረታ ጭራሽ አትወጣም። ሰማዩ የረጋ ቀን ሲያጋጥማት ደግሞ ከሜዳው በላይ ከፍ ትልና የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ ቀንሳ፣ እንደ አሞራ እየተንሳፈፈች መጥታ ታርፋለች። ትነሣና ትደግመዋለች።

“ግዌንዳ ዛሬም ሞተሯን እያስተኛች ነው” ይላል ዴዝመንድ። “አንቺ ሴትዮ፣ አውሮፕላን ነው የገዛሽው ወይስ አውቶብስ?”

“አውቶብስ ናት። አውቶብሴን ደግሞ ገደል ከትቻት አላውቅም።”

“ባለፈው ሳምንት ከመንገድ ተመለስሽ፤ የዛሬ ወርም ተመለስሽ። መቼ ነው የምትደርሺው?”

“መመለስም መድረስ ነው፤ ዞር ብለህ አስበው” አለችውና ሻይዋን ጠጣች።

ባለፈው በጋ፣ ሜዳው ለጎብኚ ክፍት በሆነበት ቀን፣ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። አይድሪስ ቤዶስ ይባላሉ፤ በሉድሎው ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አውሮፕላኗ ጎን ላይ የተጻፈውን የድሮ ወታደራዊ ቁጥር አነበቡና እጃቸውን ጭነውባት ቆሙ።

“ይቅርታ እመቤቴ፣ ይቺ የማን ናት?”

“የእኔ ናት።”

“የእኔም ነበረች፤ ለጥቂት ሳምንት።”

በወጣትነታቸው የውትድርና ግዴታቸውን ሲወጡ መብረር የተማሩት በእሷው ነው። ብቻቸውን ሊበሩ በቋፍ ላይ ሳሉ የዓይን ሐኪም ጠራቸው፤ “ዓይንህ ለአብራሪነት አይበቃም” ተባሉና ወደ ቤታቸው ተሸኙ።

“አሁንስ ዓይንዎ እንዴት ነው?” አለቻቸው ግዌንዳ።

“አምና ሞራውን ገፈፉልኝ። አሁንማ እዚህ ቆሜ የዚያች ሴትዮ ሳንድዊች ውስጥ ያለውን አያለሁ።” ወደ እኔ ጠቆሙ። “ኪያር ብቻ ነው! እሱንም ቆጥባዋለች።”

ግዌንዳ ይዛቸው ልትወጣ ቃል ገባች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ነፋሱ በረታና አሻፈረኝ አለች። በሁለተኛው ደመናው ኮረብታው ላይ ተኛ፤ አሁንም እምቢ አለች። ዴዝመንድ አላስችል አለው። “ሰውዬው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አንቺ ጥሩ ቀን እስክታገኚላቸው በራሳቸው ክንፍ ይሄዳሉ!”

ሚስተር ቤዶስ ራሳቸው ናቸው ከት ብለው የሳቁት።

ሦስተኛው ቀን ብሩህ ሆነ። ግዌንዳ ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታ፣ በየት በኩል እንደሚወረድ ደጋግማ አሳየቻቸው። “እኔ ‘ውጡ’ ካልኩ ምክንያት አይጠይቁ።” ከዚያ ባሩዱ ድው አለ፤ ሄዱ።

የክለን ኮረብታዎች ላይ ሲደርሱ መሪውን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ወደ ግራ አዘነበሏት፣ ወደ ቀኝ አዘነበሏት፤ ደገሙት። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ጮኹ። “አልረሳሁትም፤ ልጄ፣ እጄ አልረሳውም!”

ይህን እያሉ ነው የፊት መስታወቱ ላይ ጠብታ ያረፈው። ከዚያ ብዙ ጠብታ፤ ከዚያ ጥቁር ጎርፍ።

“ዝናብ ነው?” አሉ።

“አይደለም ሚስተር ቤዶስ፤ ዘይት ነው። መሪውን ለእኔ።”

“ያንቺ ነው” አሉና እጃቸውን አነሡ።

ሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ካለው ራዲዮ የአደጋ ጥሪዋን ሰማሁ። የሚቀጥለውን ፌርማታ ለልጆቹ የምትነግር ይመስል ረጋ ያለ ድምፅ ነበር። የት እንዳለች፣ ሁለት ሰው መሆናቸውን፣ ዘይት እየፈሰሰ እንደሆነና መስክ ላይ እንደምታርፍ ተናገረች። በአጋጣሚ ዴዝመንድ በራሱ አውሮፕላን አየር ላይ ነበር፤ “ግዌንዳ፣ ሰምቼሻለሁ፤ እየመጣሁ ነው” ሲል ድምፁ ተለውጦ ነበር።

የዘይቱ ግፊት መርፌ ወርዳ ተኛች። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ፤ ውልብልቢቱ ፊታቸው ላይ እንደ ተሰካ እንጨት ቆመ። ግዌንዳ ሜዳ ለመምረጥ ጊዜ አላጠፋችም፤ ቀድሞውንም መርጣለች። ስትበር ሁሌም “አሁን ቢጠፋ የት አርፋለሁ?” እያለች ነው የምትሄደው። ነዳጁን ዘጋች፤ ማቀጣጠያውን አጠፋች፤ የመስታወት ክዳኑን ወደ ኋላ ሳበች። ከፊት ለፊት የሚታይ ነገር ስለሌለ አውሮፕላኗን አዘንብላ በጎኗ እያንሸራተተች፣ አንገቷን በግራ አስግጋ ዳገቱ ሥር ወዳለው ረጅም መስክ ወረደች።

“ልጄ፣ ሽቦ!” አሉ ሚስተር ቤዶስ ከኋላዋ። እሳቸው በቀኝ በኩል ነበር የሚያዩት፤ እሷ በዚያ በኩል ሞተሩ ጋርዷት ነበር። “ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ወደ ጎተራው የተዘረጋ። ከፊታችን ነው!”

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ከፍ አይልም። ግዌንዳ ግን በእነዚያ በተሳቀባት ልምምዶች ሁሉ ትርፍ ከፍታ ይዛ መምጣትን ለምዳለች። መንሸራተቱን ትታ ቀጥ አደረገቻት፤ ቺፕመንኳ ራቅ ብላ ተንሳፈፈች። ሽቦው ከጎማዎቹ ሥር አለፈ።

“አለፍነው!” ብለው ጮኹ ሽማግሌው። ያኔ በዓይናቸው ድካም ያባረሯቸው ሰው!

እንደገና በጎኗ አንሸራተተቻት፤ መሬቱ ሲቀርብ አቃናቻት፤ ሦስቱም ጎማዎች ሣሩን ነኩ። አንዴ ነጠር አለች፤ ከዚያ እየተንገጫገጨች ሄዳ ሄዳ ቆመች። የወፍ ድምፅ ይሰማ ነበር።

“ሚስተር ቤዶስ?”

“አለሁ።”

“ውጡ።”

“ምክንያት ልጠይቅ?”

“አይጠይቁ!”

እየሳቁ ወረዱ። ነገር ግን አደጋው አላበቃም። ከመስኩ ጥግ ጥላ ሥር ተኝተው የነበሩ ወይፈኖች “ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” ያሉ ይመስል ተነሥተው በመንጋ መጡ። አንዱ ክንፉን ያለበሰውን ሸራ ይልስ ጀመር።

“ምላሳቸው ሸራዬን ይቀደዋል!” ግዌንዳ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የጮኸችው። ሚስተር ቤዶስ ጃኬታቸውን አውልቀው እያወናጨፉ “ሂድ! ሂድ ከዚህ!” እያሉ ወይፈን ሲያባርሩ፣ ዴዝመንድ ከላይ እየዞረ ነበር። “ሁለቱም ቆመዋል” አለን በራዲዮ። “ሽማግሌው… እየጨፈሩ መሰለኝ።”

የመስኩ ባለቤት ኦልዌን ፒው በባለ አራት ጎማ ሞተርሳይክሏ ደረሰች። ክንፉን አየች፣ በዘይት የጠቆረውን የግዌንዳን ፊት አየች።

“ከብቶቼን ያስበረገገው ማነው?”

“እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።”

“የፕሮሰር ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ይህን ቢያዩ!”

“በኮፍያቸው ይመቱኝ ነበር።”

“ደህና አውርደሻታል ግን። ኑ፣ ሻይ አለ።”

ክላይቭ በማግስቱ መጥቶ ሞተሩን ከፈተ። ከውስጥ በኩል እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ የተሰነጠቀ የዘይት ቧንቧ አወጣ። “ከውጭ ብታዪው አይታይም፤ እኔም አላየሁትም ነበር” አላት። ሞተሩ ስለተጎዳ ሌላ የታደሰ ሞተር ተተካላት፤ እዚያው መስክ ላይ፣ በኦልዌን ትራክተር ተነሥቶ።

ዴዝመንድስ? ወደ ሻይ ቤቱ ገብቶ ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። “ያንን ሞተር ማስተኛት… ታሳይኛለሽ?”

“ካላንቀላፋህ አሳይሃለሁ” አለችው። በሚቀጥለው እሑድ ከኋላዋ ተቀምጦ ተማረ፤ በክበቡ ማሰልጠኛ አውሮፕላን። አሁን ከእኛ ሜዳ የሚነሣ ሁሉ በየወሩ ይለማመደዋል፤ አስገዳጁም ዴዝመንድ ነው።

ቺፕመንኳ ከመስኩ የምትወጣበት ቅዳሜ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ኦልዌን ወይፈኖቿን ወደ ሌላ መስክ አዛውራ ሣሩን አጭዳለች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጥተው ሽቦው ላይ ቀይ ኳሶች ሰቅለዋል። ግዌንዳ መስኩን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ሄደችበት፤ የጥንቸል ጉድጓድ ሁሉ በአፈር ተደፈነ። ተሳፋሪ አልወስድም አለች፤ ነዳጅም ጥቂት ብቻ ቀዳች። ከዚያ ሣር በትና ነፋሱን አየች፤ ከሽቦው በኩል ይነፍሳል፤ ከነፋሱ ፊት ለፊት ለመነሣት ደግሞ ወደ ሽቦው መሄድ ሊኖርባት ነው።

“አሁን አልሄድም” አለች።

ሕዝቡ ዴዝመንድን አየ። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ተቀመጠ። “ሰማችኋት፤ ሳንድዊች ያለው ያውጣ።”

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ግዌንዳ ከወንበሯ ተነሥታ አውሮፕላኗን ከመጀመሪያው ጀምራ ዞረቻት፤ ወጣች፤ ታጠቀች። ድው! ጭሱ ተበተነ። ቺፕመንኳ እየተንቀጠቀጠች ቆየችና ተለቀቀች፤ ጭራዋ ተነሣ፤ ጎማዎቿ ሣሩን ለቀቁ። አጥሩን በብዙ ትርፍ ከፍታ አለፈችው። ሚስተር ቤዶስ “ከፍ በይ ልጄ፣ አሁን ከፍ በይ!” እያሉ ይጮኻሉ፤ ኦልዌን በዱላዋ አጥሩን ትደበድባለች፤ ክላይቭ እንኳ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ አየሁት።

በየመኪናችን ተሯሩጠን ወደ ሜዳችን ስንመለስ እሷ ቀድማን ደርሳ፣ አውሮፕላኗን አስራ፣ ከክንፉ ላይ ትንኝ በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

“ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?” አለችን። “ሻይ ቤቱም ተዘግቷል፤ ማን ያጠጣኝ?”

ሮጬ ከፈትኩት። ያን ቀን ማንም አልከፈለም፤ እኔም ሳንድዊቹን በሥጋ አደረግሁት።