ባዶ ነው ያልሁት ሆስፒታል

በዚያ ዓመት እናቴ ቀኗን የምትጀምረው እኔ ከነቀልሁላት በኋላ ነበር። የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየበቀለ ብሌኗን ይወጋታል። ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ላይ ፊቷን ወደ ፀሐይ መልሳ ትቀመጣለች፤ እኔ በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ዛሬ የነቀልሁት በሳምንቱ ብቅ ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ እንዲያውም አዲስ የበቀለው አጭሩ ከረጅሙ ይብሳል።

"ጨረስሽ?" ትለኛለች እንባዋ እየወረደ።

"ትንሽ ቀረኝ።"

ትንሽ አይቀረኝም፤ እጄ ዝሎ ነው። ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ በረት መጥረግ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ የጻፈውን ግን አላነበውም። እንቅልፍ ይዞኝ ሄዷል።

ወረታ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ዓይኗን ገልብጦ ካየ በኋላ ግራው እንደ ሄደ ነገረን። "ቀኙ ገና አለ" አለ። "ሆስፒታል ሄዳ ሽፋኑን ከሰፉላት ይተርፋል። ቤት ከተቀመጠች ግን እስከ ክረምት መድረሱን እንጃ።" የቀጠሮ ወረቀት ጽፎ ሰጠን።

ሆስፒታሉ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አሮጌ ነው፣ የድንጋይ ቤት። እኛ ሰፈር ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አያቴ በቃሬዛ ሄደው በእግራቸው ተመልሰዋል፤ አክስቴ በእግሯ ሄዳ በቃሬዛ ተመልሳለች። ስለዚህ እናቴን እሺ ያሰኘናት በስንት ልመና ነው። አባቴን የአምራቾች ማኅበሩ እርሻ ስለማይለቀው አስታማሚዋ እኔ ሆንሁ።

ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራ። የዚያን ጊዜ ቀበሌያችን ቴሌቪዥን ነበረው። ሴቶቹ ስብሰባው እንዳይሰለቻቸው፣ ንግግሩ ሲያልቅ ጄኔሬተር አስነስተው ያሳያሉ። እናቴ ዓይኔ ያመኛል ብላ ልትቀር ነበር፤ ጎትቼ የወሰድኋት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ የሚቀጥል የፈረንጅ ፊልም ነበረ፣ እሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ።

ከኋላ ተቀመጥን። እናቴ የምታየው ብርሃን ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

"ምንድነው? ምን ይላሉ?" አለችኝ።

እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው፤ "ደህና አደራችሁ ተማሪዎች" ከማለት ብዙም አይዘልም። ግን ሥዕሉን እያዩ መናገርን ማን ይከለክላል? "ዓለም አልቋል" ብዬ ጀመርሁ። "ሰው የሚባል የለም። አንድ ሰውዬ ብቻውን ይዞራል። አሁን ትልቅ የድንጋይ ቤት ገባ። ሆስፒታል ነው።"

"የት ያለው?"

"ከተማ ያለው ነዋ፣ አሮጌው።"

አልዋሸሁም፤ የፊልሙም ሆስፒታል ከተማ ውስጥ ያለ አሮጌ ሆስፒታል ነው። ቀጠልሁ። ኮሪደሩ ላይ ሣር በቅሏል፤ አልጋው ሁሉ እንደተነጠፈ ሰው የለበትም፤ መድኃኒቱ መሬት ላይ ተበትኗል። በፊት ረድፍ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳጥን ወደ እኔ መለሱ። እንዲህ ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታው አሳበደኝ። "ጎማ ያለው አልጋ ደግሞ ማንም ሳይነካው ብቻውን እየተንኳኳ ይሄዳል" አልሁ። እቺን የጨመርኋት ከራሴ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ የቀበሌው ካድሬ ተነሥቶ "ይህ የኢምፔሪያሊስቶች መጨረሻ ነው!" አለ፤ እኛም አጨበጨብን። እናቴ ግን አላጨበጨበችም።

በማግሥቱ ወረንጦውን ይዤ ስመጣ ፊቷን አዞረችብኝ።

"ከተማ አልሄድም።"

"ለምን እማ?"

"ስምንተኛው ሺ ገብቶ ሰው ባለቀበት ቤት ዓይኔን ማን ሊሰፋው ነው? ብቻውን የሚሄደው አልጋ?"

መጀመሪያ ሳቅ አመለጠኝ። ኋላ ፊቷን ሳይ ሳቄ ደረቀ። "እማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!"

"ምን ወለድ?"

"ልብ ወለድ። ልብ የወለደው፣ ያልሆነ ነገር።"

"አንቺንም እኔ ነኝ የወለድሁሽ፤ ያልሆንሽ ነሽ?"

"እንደሱ አይደለም፣ ሰው ዝም ብሎ የፈጠረው..."

"ዝም ብሎ የሚፈጥር እግዜር ነው። ደግሞ ሌላ ሰው አልነገረኝም፣ አንቺ ነሽ አይተሽ የነገርሽኝ። እኔ የማየው ባንቺ ዓይን ነው።"

በየቀኑ ለመንኋት፤ አባቴ ተቆጣት፤ ጭራሽ ቀጠሮው ነገ ሊሆን ደረሰ። ድሬሰሩ ክረምት ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። ከፎገራ ሜዳ ውኃው ገና መድረቁ ነበር፣ ክረምት ሩቅ ይመስላል፤ ለኔ ግን እያንዳንዱ ጠዋት ወደዚያው የሚነዳን ይመስለኛል። እቺ ዓይን ከጠፋች የጣልኋት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። እናቴ መስቀል ተሳልማ ሳትቀመጥ፣ "አባ፣ ስምንተኛው ሺ ገብቷል አሉ" አለቻቸው።

"ማን አለ?"

"ሳጥኑ። ልጄም በዓይኗ አይታለች።"

አባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ነሽ ያስገባሽው? እኛ እንኳ ሳንሰማ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። "አባ፣ አልጋው ብቻውን ሄደ ያልሁት ከራሴ ነው" አልሁ።

"ሌላውስ?"

"ሌላው የፈረንጅ ተረት ነው። እኔም ቋንቋውን አልሰማሁት፤ እየገመትሁ ነው ያወራሁት።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ከስምንተኛው ሺ ይልቅ ይኼ የከፋባት መሰለኝ። "እና ሆስፒታሉ ባዶ ቢሆንስ፣ አባ?" አለች።

"ባዶ ከሆነማ ምን ትፈልጊያለሽ! ወረፋ የለም ማለት ነው፤ ሄደሽ በዕለቱ ትመለሻለሽ።"

"አባ ደግሞ!" ብላ ሳቀች፤ ሳትወድ።

"ደግሞስ ጌታ በክብር ሲመጣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ልትቀበዪው ነው? ሂጅ፣ ልጄ።"

ሲወጡ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች። "እሄዳለሁ። እዚያ ስንደርስ ግን ያለውን ብቻ ንገሪኝ። አንዲት ቃል ከጨመርሽ ወይ ካጎደልሽ፣ ከበሩ እመለሳለሁ።"

አውቶቡሱ ውስጥ ቆመን ሄድን። አቧራው ዓይኗን ሲያቃጥላት በነጠላዋ ሸፍኜ ደረቴ ላይ አስደገፍኋት፤ እግሬ ሲደነዝዝ በአንዱ፣ ያም ሲደነዝዝ በሌላው ቆምሁ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ "እሺ፣ ምን አለ?" አለችኝ።

"ሰው አለ። በጣም ብዙ ሰው። አንዱ በበቅሎ መጥቷል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሣር የለም።" ያኔ ከውስጥ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወጡ፤ ላዩ እስከ ጫፉ ተሸፍኗል። ከኋላቸው የምትከተል ሴት ጮኸች።

"ማን ነው የሚያለቅስ?"

አንዲት ሴት አሟት ነው ማለት ይቻል ነበር። አፌ ውስጥ ደርሷል። "ሰው ሞቶ እያወጡ ነው፣ እማ" አልሁ።

እጇ ውስጥ ያለውን እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ሰዎቹ አጠገባችን ሲያልፉ አማተበች። አሁን ትመለሳለች ብዬ መንገዱን አየሁ።

"ይኼንስ ከራስሽ አትጨምሪውም" አለች። "በይ ምሪኝ።"

ወረፋው አባ ያሉት ዓይነት አልነበረም። ሦስት ቀን ጠበቅን። አስታማሚ የሚያድረው በረንዳ ላይ፣ በሲሚንቶው ላይ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ቦታችን እንዳይወሰድ እየተፈራረቀኝ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ካርድ ክፍል ሂጅ ይሉኛል፣ እሄዳለሁ፤ እዚያ አይደለም ይሉኛል፣ እመለሳለሁ። እናቴ "ምን አለ?" ስትለኝ፣ "ሰው" እላታለሁ፤ ሌላ የሚጨመር ቃልም አቅምም አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን ስሟ ተጠራ። ሽፋኗን ገልብጠው ሰፉላት፣ ዓይኗን በጨርቅ አስረው አልጋ ሰጧት።

በማግሥቱ ሲስተሯ ጨርቁን ፈታችው። ቀኙ ዓይኗ አብጧል፣ ቀልቷል፤ እናቴ አልደፈረችም፣ ጨፍና ቆየች።

"ይግለጡት እንጂ እናቴ። ይወጋዎታል?"

"አይወጋም" አለች እናቴ፣ እንደሚጠራጠር ሰው። "ኧረ አይወጋም!"

"ይኼ ስንት ነው?"

"ሦስት ጣት ነው። ምነው፣ ቀለበትሽ ጠበበሽ መሰል።"

ሲስተሯ ሳቀች። እናቴ ዞር ብላ ፈለገችኝ። ለስንት ወር ቅርቤ ሆና ስታየኝ ጥላ ነበርሁ፤ አሁን በዓይኗ ከፀጉሬ ጀምራ እስከ እግሬ ወረደችብኝ፣ ተመልሳ ፊቴ ላይ ቆመች።

"አንቺ ልጅ! ዓይንሽ እኮ ገብቷል። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽ?"

"ምንም አልሆንሁም" አልሁ። ጎደለች ይቺ ቃል፤ "ደክሞኝ ነው" ብዬ አስተካከልሁ።

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችልኝ። "ነይ፣ እዚህ ጋደም በይ።"

ሲስተሯ "አልጋው ለታካሚ ብቻ ነው" ስትል ሰምቻለሁ። እናቴ ምን እንደመለሰችላት ግን አልሰማሁም።