ሙቅ አገር ካልሆነ አንሄድም

በደርግ ጊዜ ነው። የፋሲካ ዕረፍት ሲደርስ አባቴ ከመሬት ተነስቶ "ሽርሽር እንሄዳለን፤ ሙቅ አገር ምረጡ" አለን። እኛ ከኮልፌ ወጥተን የማናውቅ ሰዎች! እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዋና ሳልችል ሶደሬ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጺሙ ማቀምቀም የጀመረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ "ላንጋኖ ካልሆነ እኔ የለሁበትም" ብሎ ተኮፈሰ። እናቴ ደብረ ብርሃን ያለችው እህቷ ጋ እንሂድ አለች።

"ብርድ አገር አይሆንም አልኩ!" ብሎ አባቴ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

ተናደድኩ። ለሽርሽር እንዲህ ይጮኻል? እናቴም "የሰው ቤርጎ ከምንከራይ የእህቴ ቤት ምን አነሰው?" ብላ ተቆጣች።

ያኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ልጆች አፍሰው ለውትድርና ጭነዋል። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም፤ ቁመት አይተው ነው የሚወስዱት።"

ሁላችንም ወንድሜን አየነው። አባቴን በልጦታል።

"ከዚህ ሰፈር ይውጣልኝ። ሙቅ አገር የሚሄድ ልጅ ቁምጣ ቢለብስ ኬላ ላይ ማንንም አይገርምም፤ ሕፃን ይመስላቸዋል" አለና ከጉልበት በላይ አስቆርጦ ያመጣውን የራሱን ካኪ ሱሪ ወረወረለት።

ወንድሜ እንደ ልማዱ ይነጫነጫል ብዬ ስጠብቅ ሱሪውን አንስቶ ጓዳ ገባ፤ ለብሶት ወጣ። እግሩን ጸጉር ወርሶታል። ማናችንም አልሳቅንም።

እናቴ ሳሙናና ምላጭ ይዛ መጣችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።