ለቁርጥማት የሚሆን ገመድ

መዳብ መብራት እንደሚያስተላልፍ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ቁርጥማት እንደሚያወጣ ግን የተማርኩት ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ነው።

ሰፈራችን ደብረ ማርቆስ ዳር ነው። ከምሰሶው ወደ ወፍጮ ቤቱ የተዘረጋው የመዳብ ገመድ ተቆርጦ የተሰረቀ ሰሞን እህላችንን በአህያ ጭነን ሌላ ቀበሌ እየሄድን አስፈጨን። በዚያው ሰሞን የሽማግሌዎቹ እጅ አምባር አበቀለ። ቀይ፣ ከቀጫጭን ሽቦ የተጎነጎነ፣ አዲስ አምባር። ስንት ዓመት ጋቢ ውስጥ ተሸፋፍኖ የኖረ ቁርጥማት በአንድ ጊዜ መድኃኒት አገኘ።

ሌባው ይውጣ ተብሎ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ላይ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዛፉ ሥር ተቀመጥን፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት ድንጋዩ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ሁሉ ወደ ታላቅ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ ቁራሌ ነው፤ እየዞረ አሮጌ ብረትና ጀሪካን ይገዛል። እኔና እናቴ የምንበላው ከዚያ ነው።

«ብረት የሚገዛ መዳብ ይጠላል?» አለ አንዱ።

«ማስረጃ አላችሁ?» አለ ወንድሜ።

«ሚዛን ተሸክመህ ትዞር የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ።»

ሰው ሳቀ። የእድራችን ሰብሳቢ ተነሡ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ነገ ለፖሊስ ተላልፈህ ትሰጣለህ፤ ከሰፈሩም ትወጣለህ። የተስማማ እጁን ያውጣ» ብለው የራሳቸውን እጅ አስቀድመው አወጡ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ጋቢው ሁሉ ወደ ክርን ተንሸራተተ። የቀትር ፀሐይ ነበር።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ሄጄ ጨው ስጠይቅ እንኳ ባለሱቁ «ምን አልሽ?» ሳይለኝ አይቀርም። እናቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ተነሣሁ።

«አባባ፣ ቁርጥማቱ ተሻለዎት?» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ሰብሳቢው።

ከፊቴ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቁርጥማቱ ተሻለዎት ወይ ነው የምትለው። እጅዎን አይታ» አለችልኝ።

እጃቸውን አወረዱና ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። ከጎናቸው ያሉትም ሳብ አደረጉ። በዚያ ሐሩር ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ሁሉ በአንድ ጊዜ በረደው።

«ከሮብ ገበያ የገዛሁት ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እኔም» አሉ አጠገባቸው ያሉት።

«እጅ ከፍንጅ ሲሉ ስሰማ ኖሬ፣ ለካ ይኼ ኖሯል» አለች ጎረቤታችን።

«ሚዛኔ እዚሁ ነው፤ ልመዝንላችሁ» አለ ወንድሜ።

ሰብሳቢው «ሌባውን እግዜር ያውቀዋል» ብለው ቶሎ ቶሎ መረቁና በተኑን። በእኛ ሰፈር አውጫጭኝ ሌባ ሳያወጣ ሲበተን አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ በማግስቱ እንደ ወትሮው «ቁራሌው» እያለ ወጣ። ለወፍጮው የተዘረጋው አዲሱ ገመድ አሉሚኒየም ነው። እስካሁን የነካው የለም። አሉሚኒየም ለቁርጥማት አይሆንም ይላሉ።